ምሽቱን ለልጆቻችን መልሱላቸው

ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ የትምህርት መግቢያ ሰዓትንና የቤት ሥራን መጠን ለምትወስኑ የትምህርት ኃላፊዎች፣ ርዕሳነ መምህራንና መምህራን በሙሉ

ጉዳዩ፦ የልጆቻችንን ምሽትና እንቅልፍ ይመለከታል

የተከበራችሁ፣

ሦስት ልጆች አሉኝ። ትልቁ 15፣ ሴቷ 11፣ ትንሹ 6 ዓመታቸው ነው። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍላችሁ ያነሳሳኝ አንዲት የወለቀች ጥርስ ናት።

የትንሹ ልጄ የታችኛው የፊት ጥርስ መነቃነቅ ከጀመረች ሁለት ሳምንት ሆኗት ነበር። በምላሱ ይገፋታል፣ በጣቱ ያወዛውዛታል፣ ማታ ብርድ ልብሱን ሳለብሰው "ዛሬ ትወልቃለች?" ይለኛል። የወለቀችው ግን እኔ ሳላውቅ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ሱሪውን ሳለብሰው ከኪሱ ውስጥ የተጠቀለለች ቁራጭ ወረቀት አገኘሁ። ስፈታት ጥርሷ ነች።

"መቼ ወለቀች?" አልኩት።

"ትናንት።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

ዝም አለ። ቆይቶ፣ ወለሉን እያየ፣ "የቤት ሥራ እያሠራሽኝ ነበር። ደግሞ ወረቀቱን ከደብተሬ ነው የቀደድኩት" አለኝ። ደብተር ቀደድክ ብዬ እንዳልቆጣው ፈርቶ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ የጠበቃትን ጥርስ ይዟት አደረ።

ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ሆኜ ያለፈውን ምሽት ለማስታወስ ስሞክር ዋልኩ። ከሥራ እንደገባሁ መጀመሪያ የጠየቅኩት "ምን የቤት ሥራ ተሰጣችሁ?" ብዬ ነው። ቀጥሎ "ደብተርህን አምጣ" አልኩት። ከዚያ "ቀና ብለህ ተቀመጥ"። አንድ ጊዜ ፊቱን በደንብ አይቼው ቢሆን ኖሮ ክፍተቷ አታመልጠኝም ነበር። እኔ ግን ሳይ የነበረው እጁን ነው፤ ፊደሎቹ መስመር ይዘው እንደሆነ።

አንድ ልጅ 20 የወተት ጥርሶች አሉት። ስድስት ዓመት አካባቢ መውለቅ ይጀምሩና የመጨረሻዎቹ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ላይ ያልቃሉ። ስለዚህ ገና አሥራ ዘጠኝ ይቀሩታል፤ ለእነሱ እደርስ ይሆናል። ለመጀመሪያዋ ግን አልደረስኩም።

የልጅ ዕድገት አብሮት ለሚውል ሰው በዓይን አይታየውም። እኔ የማየው በሱሪ ጠርዝ ነው። የሴት ልጄን ሱሪ ረዘም አድርጌ እገዛና ትርፉን ወደ ውስጥ አጥፌ እሰፋዋለሁ፤ ስታድግ ስፌቱን እፈታዋለሁ። እጥፋቱ ሲፈታ መስመሩ ይቀራል፤ ቢታጠብም ቢተኮስም አይለቅም። አንዱ ሱሪዋ ላይ እንዲህ ያሉ ሁለት መስመሮች አሉ። በታችኛውና በላይኛው መካከል ያለውን ርቀት በጣቶቼ እየለካሁ ብዙ ጊዜ ቁጭ ብዬ አውቃለሁ። በልጅነት ዓመታት አንድ ልጅ በዓመት ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጨምራል፤ ጉርምስና ሲጀምር ፍጥነቱ ይነሣል፣ ሴቶች ደግሞ ከወንዶች ሁለት ዓመት ያህል ይቀድማሉ። የእኔዋ አሁን ያለችው እዚያ ላይ ነው። ታላቅ ወንድሟም እዚያ በደረሰበት ጊዜ ሲተኛ ሱሪው ልኩ ነበር፣ ሲነሣ አጥሯል የሚያሰኝ ጊዜ ነበረው። የዕድገት ሆርሞን በብዛት ከሚመነጭባቸው ጊዜያት አንዱ በሌሊቱ የመጀመሪያ ሰዓታት የሚመጣው ከባድ እንቅልፍ እንደሆነ ካነበብኩ ወዲህ፣ ማታ የቤት ሥራ ይዛ ስታንጎላጅ ሳያት የሚሰማኝ ነገር ሌላ ሆኗል።

ከሦስቱ ጋር ስኖር የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ ልጅ ስለጠየቁት አይናገርም። "ትምህርት እንዴት ነበር?" ለሚለው ጥያቄ ሦስቱም ያላቸው መልስ አንድ ነው፤ "ጥሩ"። የልባቸውን የሚያወጡት እጃቸውም እጄም ሌላ ነገር ሲይዝ ነው። ትንሹ ገላውን ሳጥበው፣ ዓይኑን ከሳሙናው ጨፍኖ ይናገራል። ሴቷ ፀጉሯን ሳበጥርላት፤ እኔ ከኋላዋ ስሆንና ፊቴን ሳታየው። ትልቁ ደግሞ ከራት በኋላ እኔ ሳህን ሳጥብ እሱ ሲያደርቅ፣ ሁለታችንም ፊታችንን ወደ ግድግዳው አዙረን።

አንድ ማታ እንዲሁ ቆመን ሳለ ለሩብ ሰዓት ያህል ትንፍሽ አላለም። እኔም ዝም አልኩ። አምስተኛውን ወይም ስድስተኛውን ሳህን ካስቀመጠ በኋላ፣ "እማ፣ ሰው ጓደኛ መሆን የሚያቆመው እንዴት ነው?" አለኝ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ አብሮት ያደገ ጓደኛው በእረፍት ሰዓት ከሌሎች ጋር መቀመጥ ጀምሮ ኖሯል። ጠብ የለም፣ ስድብ የለም፤ ዝም ብሎ ቦታ ቀየረ። ልጄ ይህን የሚነግረኝ የደረቀውን ሳህን መልሶ መላልሶ እያደረቀ ነው። መፍትሔ አልሰጠሁትም፤ እሱም አልጠየቀኝም። ሳህኖቹ ካለቁ በኋላ ብዙ ቆየን።

ሌላ ማታ ደግሞ "እማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ" ብሎ ጀመረኝ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ከሩብ ሆኖ ነበር። የሒሳብ ወረቀቱ ግማሹ አልተሠራም፤ ጠዋት መሰጠት አለበት። "መጀመሪያ ሥራህን ጨርስ፤ ከዚያ ትጠይቀኛለህ" አልኩት። ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ወደ ክፍሉ ብሄድ ግንባሩን ወረቀቱ ላይ ደፍቶ ተኝቷል። በማግስቱ "ትናንት ምን ልትጠይቀኝ ነበር?" ስለው፣ "ምንም፤ ረሳሁት" አለኝ። አልረሳውም። ሳምንት ቆይቼ ጠየቅኩት፤ ወር ቆይቼም ጠየቅኩት። ምን ሊለኝ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

"ሥራህን ጨርስ" ያልኩት እኔው ነኝ፤ ጥፋቱን በማንም ላይ አላላክክም። ግን ያን ምሽት ከእጄ የወሰደው ምን እንደሆነ ስለማውቅ ነው ወደ እናንተ የመጣሁት።

ምሽታችንን በሰዓት ላስቀምጥላችሁ። ከሥራ ቤት የምደርሰው 12 ሰዓት ላይ ነው። ትንሹ 2 ሰዓት ተኩል ላይ መተኛት አለበት። በእኔና በእሱ መካከል በቀን ያለን ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ራት፣ መታጠብ፣ የነገን ልብስና ቦርሳ ማሰናዳት አንድ ሰዓት ተኩሉን ይወስዱታል። የሚቀረው አንድ ሰዓት ነው። የቤት ሥራው የሚቀመጠው በትክክል እዚያች አንድ ሰዓት ላይ ነው። ስለ ጥርስ የሚወራው፣ ታሪክ የሚነበበው፣ መሬት ላይ ተንጋሎ የሚሳቀው እዚያች ሰዓት ላይ ነበር።

ባለፈው ወር ሴት ልጄ 40 ቃላትን ሦስት ሦስት ጊዜ ጽፋ እንድትመጣ ታዘዘች። 120 ቃላት ማለት ነው። የመጀመሪያውን ዙር ስትጨርስ ጠየቅኳት፤ ሁሉንም ከነትርጉማቸው ታውቃቸዋለች። የቀሩት 80 ምን ሊጨምሩላት እንደሚችሉ ሳስብ መልስ አጣሁ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ እንባዋ ወረቀቱ ላይ ጠብ ሲል እስክሪብቶውን ከእጇ ወሰድኩና የእሷን ፊደል አስመስዬ የመጨረሻውን አምድ ጻፍኩላት። ምን እንዳደረግኩ የገባኝ፣ "አስተማሪዬ ታውቅ ይሆን?" ብላ ቀና ብላ ስታየኝ ነው። አትዋሺ ብዬ ያሳደግኳትን ልጅ በገዛ እጄ ውሸት አስተማርኳት። ለአስተማሪዋ ሄጄ እውነቱን ነግሬያታለሁ። ሴትየዋ ሰማችኝ፤ አላሳፈረችኝም። እሷም ያን ሁሉ ደብተር የምታርመው ማታ ቤቷ ወስዳ እንደሆነ ነገረችኝ። መምህራንም እናቶችና አባቶች ናቸው። የእኛን ልጆች ደብተር ሲያርሙ የእነሱም ልጆች ጥርስ ይወልቃል።

የቤት ሥራ ይቅር አላልኩም። በአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ሃሪስ ኩፐር ከባልደረቦቻቸው ጋር ብዙ ጥናቶችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ሥራ፣ የቤት ሥራና የትምህርት ውጤት ያላቸው ግንኙነት በከፍተኛ ክፍሎች ጠንከር ያለ፣ በታችኞቹ ክፍሎች ግን ደካማ ሆኖ ነው ያገኙት። በየአገሩ ያሉ ብዙ መምህራን የሚያውቁት አንድ ልክ አለ፤ በክፍል ደረጃው ልክ አሥር አሥር ደቂቃ። አንደኛ ክፍል 10 ደቂቃ፣ አምስተኛ ክፍል 50፣ ዘጠነኛ ክፍል አንድ ሰዓት ተኩል፤ ያውም የሁሉም ትምህርት ተደምሮ። የእኔ ስድስት ዓመት ልጅ ሰዓት ይዤ ስለካው ከአርባ ደቂቃ በታች የጨረሰበት ቀን የለም። ችግሩ የአንድ መምህር ክፋት አይደለም። የሒሳብ መምህሩ ግማሽ ሰዓት ብቻ ሰጠሁ ይላል፣ የሳይንስ መምህርቷም እንዲሁ፣ የቋንቋውም እንዲሁ። እያንዳንዳቸው እውነት ይናገራሉ። ድምሩን የሚያየው እቤት ውስጥ ያለው ሰው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ልጄ እንቅልፍ ልመለስ፤ ከሁሉ በላይ እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነውና። ትምህርት የሚጀምረው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ስለሆነ ከንጋቱ 12 ሰዓት መነሣት አለበት። ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል በፊት የሚተኛበት ቀን ጥቂት ነው። በሌሊት ለስድስት ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ይተኛል። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለው ደግሞ ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት አለበት። ዝቅተኛውን ልክ ብንወስድ እንኳ ልጄ በየሌሊቱ አንድ ሰዓት ተኩል ይጎድለዋል። በአምስቱ የትምህርት ቀናት ሰባት ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ አንድ ሙሉ ሌሊት ማለት ነው። በየሳምንቱ አንድ ሌሊት ሳይተኛ የሚያድር ልጅ አለኝ።

"በጊዜ ይተኛ" ትሉኛላችሁ። እኔም ለረጅም ጊዜ እንዲሁ አልኩት። መብራት አጥፍቼበት ጨለማ ውስጥ ዓይኑ ፈጦ አግኝቼዋለሁ። በጉርምስና ዕድሜ የሰውነት የውስጥ ሰዓት ወደ ኋላ ይጎተታል። ሌሊት መምጣቱን ለሰውነት የሚናገረው ሜላቶኒን የሚባለው ሆርሞን ከልጅነቱ ጊዜ ይልቅ ዘግይቶ ይመነጫል፤ የመዘግየቱ ርዝመት እስከ ሁለት ሰዓት ሊደርስ ይችላል። ልጁ በ3 ሰዓት ቢተኛ ደስ ይለው ነበር፤ እንቅልፉ ግን አልመጣለትም። ጠዋት እየጎተትኩ ስቀሰቅሰው "ሰነፍ" ስለው ኖሬያለሁ። ይህን ካወቅኩ በኋላ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

ስለዚህ ጉዳይ የሚያውቁት ብዙ ናቸው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2014 የመካከለኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል በፊት እንዳይጀምሩ መክሯል። የሲያትል ከተማ እ.ኤ.አ. በ2016 የሁለተኛ ደረጃ መግቢያውን ከ1:50 ወደ 2:45 አዘዋወረች። ሰዓቱ ከመለወጡ በፊትና በኋላ የተማሪዎችን እንቅልፍ በእጅ ላይ በሚታሰር መሣሪያ የለኩ ተመራማሪዎች፣ ልጆቹ በቀን 34 ደቂቃ ያህል ተጨማሪ እንደተኙ አገኙ። "መግቢያው ከዘገየ እነሱም አምሽተው ይተኛሉ" የሚለው ስጋት ብዙ ተሰምቶ ነበር፤ የተገኘው ጊዜ በአብዛኛው ለእንቅልፍ ነው የዋለው። የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ግዛትም መግቢያው እንዲዘገይ የሚያስገድድ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2019 አወጣች፤ ሕጉም እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ላይ ዋለ።

የምለምናችሁ ይህን ነው። ከአሥራ ሦስት ዓመት በላይ ያሉትን ተማሪዎች መግቢያ ወደ 2 ሰዓት ተኩል አድርጉልን። ወላጅ ሥራ መግባት እንዳለበት አውቃለሁ፤ እኔም ሥራ እገባለሁ። ግን ትንንሾቹ በተፈጥሯቸው ማልደው የሚነቁ ናቸው። የእኔው ትንሽ በእረፍት ቀን እንኳ ከሁላችንም ቀድሞ ተነሥቶ ነው የሚቀሰቅሰን። አንዱ ቡድን ማለዳ መግባት ካለበት እነሱ ይግቡ፤ ትልልቆቹ ራሳቸውን ችለው መሄድ የሚችሉ ናቸው። ለታችኞቹ ክፍሎች የቤት ሥራው በአሥር ደቂቃው ልክ ይሁን፤ በአንድ ክፍል የሚያስተምሩ መምህራን ሥራ ከማዘዛቸው በፊት ድምሩን በአንድ ሰሌዳ ላይ ይዩት። ከሳምንቱ መጨረሻ ሁለት ቀናት ቢያንስ አንዱ ከደብተር ነፃ ይሁን። ከዚህ የበለጠ አልጠይቅም።

የስልክን ነገር እንደምታነሡብኝ አውቃለሁ፤ ብታነሡም ትክክል ናችሁ። ያኛው የእኛ የወላጆች ሥራ ነው። እኛ ቤት ከ3 ሰዓት በኋላ ስልክ ሁሉ አንድ መሳቢያ ውስጥ ይገባል፤ የእኔም ጭምር። የመጀመሪያውን ወር ያስቸገርኩት እኔው ነበርኩ። ስልኩ ግን መሳቢያ ገብቶ ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ሆኖ የሚያመሽበት ቀን ነው የሚበዛው፤ እዚህ ላይ የእናንተ እጅ ያስፈልገናል።

ብዙ የቤት ሥራ የሚሰጥ ትምህርት ቤት ጥሩ ትምህርት ቤት ነው ብለን የምናምን ወላጆች እንዳለንም አውቃለሁ። እኔም አንዷ ነበርኩ። ትልቁ ልጄ ሰባት ዓመቱ ሳለ አስተማሪው ዘንድ ሄጄ "የምትሰጡት አንሷል" ብዬ ተከራክሬያለሁ። ያን ዓመት ልጄ ማታ ማታ በወረቀት ጀልባ እየሠራ መታጠቢያው ውስጥ ያንሳፍፍ ነበር። ጀልባዎቹን እንዲተው ያደረግኩት እኔ ነኝ።

እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 31 ልጆች የማረፍ፣ የመዝናናትና እንደ ዕድሜያቸው የመጫወት መብት እንዳላቸው ይናገራል። ከዓለም አገሮች ያልተቀበለው የለም ማለት ይቻላል። አንቀጽ 12 ደግሞ እነሱን በሚመለከት ጉዳይ ሁሉ ሐሳባቸው ይሰማ ይላል። እኔ የእኔዎቹን ጠይቄያቸዋለሁ፤ "አንድ ምሽት ሙሉ ቢሰጣችሁ ምን ታደርጉበታላችሁ?" ብዬ። ትልቁ ሳያስብ "እተኛለሁ" አለ። ሴቷ ብዙ አስባ "ምንም አላደርግም፤ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ" አለች። ትንሹ፣ "ሳትቸኩዪ ታጥቢኛለሽ" አለኝ። ከመወሰናችሁ በፊት እናንተም በየትምህርት ቤቶቻችሁ ጠይቋቸው።

አንድ መንፈቅ ብቻ ሞክሩት። ውጤታቸውን እናንተ መዝግቡ፤ እንቅልፋቸውን እኛ ወላጆች እንመዘግባለን፤ በመጨረሻው ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠን እንይ። የእኔን መዝገብ ከወዲሁ ጀምሬዋለሁ። የትልቁ ልጄ የዚህ ሳምንት የመኝታ ሰዓት ይኸው፦ ሰኞ 5:40፣ ማክሰኞ 5:25፣ ረቡዕ 6:10፣ ሐሙስ 5:35። ዛሬ ዓርብ ነው፤ አሁን 5:15 ሆኗል፣ የክፍሉ መብራት ገና አልጠፋም።

ከአክብሮት ጋር፣

የሦስት ልጆች እናት